ድምፅን ያለ ኤሌክትሪክ ማቆየት፦ የሐርጌሳ የካሴት ስብስብና የቋንቋ ጥናት መረጃ አቀማመጥ

የቋንቋ ጥናት ብዙ መረጃ የማይጠይቅ፣ በደብተርና በእርሳስ የሚሠራ ሙያ ተደርጎ የሚታይበት ዘመን አልፏል። ዛሬ አንድ የመስክ ተመራማሪ በአንድ ወር ቆይታ ይዞት የሚመለሰው የድምፅና የምስል ቅጂ፣ የቀደሙት አጥኚዎች በዕድሜ ዘመናቸው ካከማቹት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ክምችት የሚቀመጥበት ስፍራ ያስፈልገዋል፤ ስፍራው ደግሞ በአብዛኛው ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነው። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም የመረጃ ማዕከላት 415 ቴራዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ እንደተጠቀሙ ገምቷል፤ ይህም ከዓለም ጠቅላላ ፍጆታ 1.5 በመቶ ያህሉ ነው። ከዚህ ውስጥ የቋንቋ ሊቃውንት ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ ውድ በሆነበትና በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚገኝ አንድ የቋንቋ ቤተ መዛግብት፣ የወር የመብራት ሒሳብ የስብስቡን ዕድሜ የሚወስን ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሐርጌሳን የሶማሊኛ የድምፅ ስብስብ እንደ አብነት በመውሰድ፣ ብዙ መረጃን በጥቂት ኤሌክትሪክ እንዴት ማቆየት እንደሚቻል ለማብራራት ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ የትኛው መረጃ ዘወትር ነቅቶ መጠበቅ እንዳለበትና የትኛው ሊተኛ እንደሚችል የመወሰን ሥራ ከቴክኒክ ባለሙያው ይልቅ የቋንቋ ሊቁ ኃላፊነት ነው የሚል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሬት በታች የቆየው ስብስብ

ራዲዮ ሐርጌሳ የተመሠረተው በ1943፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን፣ ራዲዮ ኩዱ በሚል ስያሜ ነበር። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ጣቢያው የሶማሊኛ ግጥም፣ ዘፈን፣ ተውኔትና ዜና ማኅደር ሆነ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተውን ይፋዊ የጽሕፈት ሥርዓት ያገኘው በ1972 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የነበረው የቋንቋው ሥነ ቃል ከሰው ትውስታ ውጪ የተቀመጠው በዋነኛነት በማግኔት ክር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙሴ ጋላልና ትውልደ ፖላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ አንድሬዬቭስኪ በጋራ ያካሄዷቸው ጥናቶችም ከዚህ የቃል ሀብት የተቀዱ ነበሩ።

በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ያንኑ ከተማ በቦምብ ደበደቡ። የሬዲዮው ሠራተኞችና የሙያ ወዳጆቻቸው የክምችቱን ብዙ ክፍል አስቀድመው ከጣቢያው አውጥተው ነበር። ከፊሉ ከመሬት በታች ተቀበረ፤ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ከዓመታት በኋላ ከየሥፍራው ተለቅመው የተሰበሰቡት ካሴቶችና የሪል ክሮች ዛሬ ጃማ ሙሴ ጃማ በመሠረቱት የቀይ ባሕር የባህል ፋውንዴሽን ሥር በሚተዳደረው የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ይገኛሉ። ቁጥራቸው ከ10,000 ይበልጣል። በ2017 ከእነዚህ ቅጂዎች ተመርጦ በውጭ አገር አሳታሚ የወጣ አንድ የሙዚቃ ስብስብ ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት በመድረሱ፣ ስብስቡ ከሙያው ውጪ ባሉ ሰዎች ዘንድም ታወቀ።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ብዙ ጊዜ በጀግንነት መልክ ይነገራል፤ ጀግንነቱም እውነት ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነጥብ ይበልጣል። እነዚያ ክሮች ሊቀበሩ የቻሉት፣ ተቀብረውም ሊቆዩ የቻሉት፣ ድምፅን ይዞ ለመቆየት ኤሌክትሪክ ስለማያስፈልጋቸው ነው። ኃይል የሚጠይቁት ሲቀዱና ሲሰሙ ብቻ ነው። ያው ክምችት በዘመኑ ዘወትር በሚሽከረከሩ ዲስኮች ላይ ብቻ ቢኖር ኖሮ፣ ጣቢያው መብራት ባጣበት ቀን ወይም መሣሪያው በተመታበት ሰዓት ባበቃለት ነበር።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ካሴት በሶማሊዎች ዘንድ የማከማቻ ብቻ ሳይሆን የማባዣም መሣሪያ ነበር። በ1979 ጋሪዬ የጀመረውና ሀድራዊን ጨምሮ ብዙ ገጣሚዎች የተቀባበሉት ዴሌይ የተሰኘው የግጥም ሰንሰለት ከአድማጭ ወደ አድማጭ የተዛመተው በካሴት ነው። እያንዳንዱ አድማጭ አንድ ቅጂ ባለቤት ሲሆን፣ መንግሥት ሁሉንም ሰብስቦ ሊያጠፋቸው አልቻለም። ዛሬ የመረጃ ባለሙያዎች «ብዙ ቅጂ በተለያየ ስፍራ» የሚሉት መርሕ በሐርጌሳ ሻይ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች አስቀድሞ ይሠራበት ነበር ማለት ነው።

ጽሑፍ ለምን አይተካውም

የኤሌክትሪክ ወጪ ያሳሰበው አስተዳዳሪ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ቅጂዎቹ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጡ በኋላ ድምፁን ለምን እናስቀምጣለን?» ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የአንድ ሰዓት ንግግር 7,000 ያህል ቃላት አሉት ብንል፣ በሶማሊኛ የላቲን ጽሕፈት 50 ኪሎባይት አካባቢ ይይዛል። ያው ንግግር ለቤተ መዛግብት በሚመከረው ጥራት ሲቀዳ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ልዩነቱ 40,000 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን አንድ ቃል ማለት ይገባል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 ሲሆን፣ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» 9 ባይት ነው፤ በላቲን ቢጻፍ 5 ባይት በሆነ ነበር። በዚህ የተነሣ «የኢትዮጵያ ፊደል ቦታ ያባክናል» የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። ይሁንና አንድ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ልዩነቱ እንደሚባለው የሰፋ አይደለም። ከድምፁ ጎን ሲታይ ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም፤ የአንድ ትልቅ የአማርኛ ልቦለድ ሙሉ ጽሑፍ ከአንድ ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ብዙም አይበልጥም።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ መልሱ ያለው በሥርዓተ ጽሕፈቱ ውስጥ ነው። ሶማሊኛ በቃና የሚለያቸው ቃላትና ሰዋስዋዊ ቅርጾች አሉት። «ኢናን» የሚለው ቃል ከፍተኛው ቃና በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሲወድቅ «ወንድ ልጅ»፣ በሁለተኛው ላይ ሲወድቅ «ሴት ልጅ» ማለት ነው። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስም የዓረፍተ ነገር ባለቤት ሲሆንም ከፍተኛ ቃናውን ሊያጣ ይችላል፤ ይህንንም ጽሕፈቱ አያሳይም። ከዚህም በላይ የሶማሊኛ አናባቢዎች በምላስ ሥር አቀማመጥ የሚለዩ ሁለት ረድፎች ሲኖሯቸው፣ በጽሕፈት ላይ ግን አንድ ዓይነት ምልክት ይጋራሉ። የ1972ቱ ኮሚቴ ይህን ያደረገው ባለማወቅ ሳይሆን፣ ተናጋሪው ዐውዱን አይቶ ያነብበዋል በሚል ተገቢ ውሳኔ ነው። ለጽሕፈት ተገቢ የሆነው ውሳኔ ግን ለቤተ መዛግብት በቂ አይደለም፤ የዛሬ መቶ ዓመት የሚመጣ አጥኚ የሚፈልገው ምናልባት በትክክል ይህንኑ ያልተጻፈውን ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ የመናገር፣ ጠብቆ ሲነበብ የመኖር ግሥ ነው። «ገና» በዓሉም የጊዜ ተውሳከ ግሡም ሊሆን ይችላል። ጥብቀት የማያሳይ ፊደል ይዘን ለዘመናት ጽፈናል፤ በጥንቱ አማርኛ የአንዳንድ ቃላት ጥብቀት ዛሬ አከራካሪ የሆነውም ድምፁን የያዘ ነገር ስለሌለን ነው። ለሶማሊኛ፣ ቢያንስ ለሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ያ ድምፅ አለ። በጽሑፍ ተክተነዋል ብሎ መጣል የሚያስከትለው ጉዳት ተመልሶ የማይጠገን ነው።

የግጥሙ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። በሶማሊኛ ግጥም በየስንኙ ቢያንስ አንድ ቃል በግጥሙ በተመረጠው ድምፅ መጀመር አለበት፤ የዴሌይ ስምም ከዚያ ግጥም የመነሻ ድምፅ፣ ከ«ድ»፣ የመጣ ነው። ምጣኔው በአናባቢ ርዝመት ይቆጠራል። ይህን የምጣኔ ሥርዓት በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ካብራሩት መካከል ራሱ ጋሪዬ ይገኝበታል። የአናባቢ ርዝመት በጽሕፈቱ ይታያል፤ ገጣሚው የት እንዳረፈ፣ ዜማውን እንዴት እንደ ጎተተ፣ አድማጩ የት ላይ እንዳጨበጨበ ግን የሚገኘው በክሩ ላይ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪኩ የት ይሄዳል

ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለዲጂታል ድምፅ ጥበቃ በሚሰጠው መመሪያ ዝቅተኛውን መጠን በሰከንድ 48,000 ናሙናና በናሙና 24 ቢት አድርጎ ይወስናል፤ ከአሮጌ ክር ለሚገለበጥ ድምፅ በሰፊው የሚሠራበት ደግሞ 96,000 ናሙና ነው። በዚህ ከፍተኛ ጥራት አንድ ሰዓት ባለ ሁለት መስመር ድምፅ 2.07 ጊጋባይት ይሆናል። እንግዲህ 10,000 ካሴቶች በአማካይ የአንድ ሰዓት ርዝመት አላቸው ብለን ብናሰላ፣ ጠቅላላው 20.7 ቴራባይት ነው። በዘመኑ ሚዛን ይህ ትልቅ ቁጥር አይደለም፤ ባለ 8 ቴራባይት ሦስት ዲስኮች ይይዙታል። አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሥራው እንዳይቆም እጥፍ ሲደረግ ስድስት ይሆናሉ።

አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ማንም ሳይነካው ሲሽከረከር 6 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ስድስቱ 36 ዋት፣ የሰርቨሩ ሌሎች ክፍሎች ደግሞ 64 ዋት ያህል ሲጨመሩበት 100 ዋት ይሞላል። አምፖል የሚያህል ነገር ነው ብሎ መናቅ ይቻላል። ነገር ግን አምፖሉ በዓመት 8,760 ሰዓት የሚበራ ነው፤ ስለዚህ 876 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የማቀዝቀዣውና የባትሪው ብክነት ገና አልተቆጠረም። በሐርጌሳ ኤሌክትሪክ የሚቀርበው በግል ድርጅቶች ሲሆን፣ ምንጩ ለረጅም ጊዜ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ነበር። በቅርብ ዓመታት የፀሐይ ኃይል እየተጨመረበት ቢመጣም፣ ዋጋው በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ሲመደብ ኖሯል።

ይህን ከሌላ ወጪ ጋር ማነጻጸር ያስተምራል። ካሴት የሚገለበጠው በራሱ ፍጥነት ነው፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ማጫወቻ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ቢሠራ 10,000 ሰዓቱን ለመጨረስ አምስት ዓመት ይወስዳል። ማጫወቻው፣ መቀየሪያውና ኮምፒውተሩ በድምሩ 100 ዋት ቢፈጁ፣ መላው የመገልበጥ ሥራ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር፣ ስብስቡን በሙሉ ወደ ዲጂታል ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ፣ ከተለወጠ በኋላ ነቅቶ እንዲጠብቅ ለማድረግ በአንድ ዓመት ከሚያስፈልገው ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ሁለተኛው ግን ማብቂያ የለውም። ለፕሮጀክት ገንዘብ የሚሰጡ አካላት በአብዛኛው የሚሸፍኑት የመጀመሪያውን ብቻ መሆኑን ለሙያው ሰዎች መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

የትላልቅ ሳይንሶች መንገድ

በዓለም እጅግ ብዙ መረጃ ከሚያመርቱ ተቋማት አንዱ በጄኔቫ የሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርን ነው። ለዕለት ሥራ የሚጠቀምበት የዲስክ ክምችት በ2023 አንድ ኤክሳባይት፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ቴራባይት፣ አልፏል። ለዘለቄታው የሚያስቀምጠውን መረጃ ግን የሚያኖረው በማግኔት ቴፕ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ጊዜው አልፎበታል ያለው ቴፕ፣ የዓለምን ረቂቅ ፊዚክስ ተሸክሞ ይገኛል። በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ እየተገነባ ያለው የስኩዌር ኪሎሜትር አሬይ የሬዲዮ ቴሌስኮፕም ሲጠናቀቅ በዓመት 700 ፔታባይት ያህል መረጃ ወደ ማኅደር እንደሚያስገባ ይጠበቃል፤ ያን ያህል መረጃ ሁሉ እያሽከረከሩ ማቆየት የሚታሰብ አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴፕ ኤሌክትሪክ አይበላም። ኤልቲኦ በተባለው የዘመኑ መለኪያ ዘጠነኛው ትውልድ አንድ ካርትሪጅ ሳይታመቅ 18 ቴራባይት ይይዛል፤ አምራቾቹም በአግባቡ ከተቀመጠ 30 ዓመት ይቆያል ይላሉ። የሐርጌሳ 20.7 ቴራባይት በሁለት ካርትሪጅ ይገባል፤ ያለ ብክነት በሚያምቀው ፍላክ በተባለው ቅርጽ ከታመቀ ደግሞ በአብዛኛው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ በአንዱ ሊገባ ይችላል። ሦስት ሙሉ ቅጂ ለማዘጋጀት፣ የመጻፊያው ፍጥነት ከተገለጸው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ፣ ከ12 ኪሎዋት ሰዓት በላይ አያስፈልግም። በሌላው ወገን ያለው ቁጥር በየዓመቱ 876 እንደነበረ ያስታውሷል።

ለቴፕ ረጅም ዕድሜ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይመከራል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ደረቅና ለዘብ ያለ አየር ያላት ከተማ በመሆኗ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው የሰሜን ክፍል አብዛኛውን ዓመት ለዚህ ይቀርባል። በጋ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በበርበራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የሐርጌሳ ጠላት አቧራው ነው፤ እርሱን ለመከላከል ግን የሚያስፈልገው በደንብ የሚዘጋ ሣጥን እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም።

ኤሌክትሪክ በማይጠይቅ ነገር ላይ ማኖር ለእኛ አካባቢ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል፤ የፊልሞቹ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጦ፣ ጌታቸው ኃይሌ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ካታሎጉን ሲያዘጋጁበት ኖረዋል። ማይክሮፊልም የሚነበበው በብርሃንና በማጉያ መነጽር ነው፤ ቢቸግር በፀሐይ ብርሃንም ይነበባል። ከዚያ ወዲህ ዋና ቅጂያቸው የጠፋ መጻሕፍት ይዘት የተረፈው በዚህ መንገድ ነው። ድምፅ እንደ ጽሑፍ በዐይን አይነበብምና መንገዱ በቀጥታ ባይሠራለትም፣ መርሑ ያው ነው።

የትኛው ይንቃ፣ የትኛው ይተኛ

እስካሁን ከተባለው «ሁሉም ነገር በቴፕ ይሁን» የሚል መደምደሚያ መውሰድ ስሕተት ነው። ቴፕ ላይ ያለን ድምፅ ለመስማት ካርትሪጁን ማምጣት፣ ማስገባት፣ ወደ ቦታው ማጠንጠን ያስፈልጋል። ተማሪ አንዲት ቃል በአምስት ተናጋሪዎች አንደበት ለማወዳደር ቢፈልግ ትዕግሥቱ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ክፍል ነቅቶ መኖር አለበት።

ለመስማት ብቻ የሚሆን ቅጂ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢታመቅ የአንድ ሰዓቱ ድምፅ 29 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። 10,000 ሰዓት ማለት 290 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በአንድ አነስተኛ፣ የማይሽከረከር ዲስክ ላይ ይገባል። እርሱን የሚያስተናግደው የእጅ መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተር 5 ዋት፣ በዓመት 44 ኪሎዋት ሰዓት፣ ይበቃዋል። አንድ መካከለኛ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ይሸከመዋል። ከእርሱ ጋር የጽሑፍ ግልባጩ፣ በኢላንና በፕራት የተሠሩ የማብራሪያ ፋይሎችና የእያንዳንዱ ቅጂ ገላጭ መረጃ፣ ማለትም ተናጋሪው፣ ቦታው፣ ጊዜው፣ ፈቃዱ፣ ሁሉም ነቅተው ይኑሩ፤ መጠናቸው ኢምንት ነው፤ ያለ እነርሱም የተኛውን ማግኘት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ንጹሕ የቋንቋ ጥናት ነው። የታመቀው ቅጂ የቃናን እንቅስቃሴ ለመከታተል በአብዛኛው ይበቃል፤ የድምፁ መሠረታዊ ድግግሞሽ በእመቃ ብዙ አይጎዳም። የፉጨት ድምፆችን ጉልበት ለመለካት፣ ወይም ሶማሊኛ ከዐረብኛ ጋር የሚጋራቸውን የጉሮሮ ተነባቢዎች ረቂቅ ባሕርይ ለመመርመር ግን አይታመንም፤ ለዚያ የተኛው ዋና ቅጂ ይቀስቀስ። የትኛው ጥያቄ የትኛውን ቅጂ እንደሚፈልግ ሊያውቅ የሚችለው ሥነ ድምፅን ያጠና ሰው ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ይህን እንዲወስን ከተተወለት፣ ሁሉንም ነቅቶ እንዲኖር ያደርጋል፤ አለዚያም ሁሉንም ያምቀዋል። ሁለቱንም በአካባቢያችን አይተናል።

ከማስቀመጥ በፊት ደግሞ መቅዳት አለ። ባለ ፎር ኬይ ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀዳ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሆናል። በአንድ ማይክሮፎን፣ በ48,000 ናሙናና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት ድምፅ ከ520 ሜጋባይት አይበልጥም። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ቦታ ከ85 ሰዓት በላይ ንግግር ይይዛል ማለት ነው። የምልክት ቋንቋን ወይም የእጅ እንቅስቃሴን የሚያጠና ሰው ቪዲዮ የግድ ያስፈልገዋል፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። የቃላት ዝርዝር የሚያስነብብ ሰው ግን ካሜራው ስላለ ብቻ ካሜራ መክፈቱ፣ ልማድ እንጂ ዘዴ አይደለም። በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳን ድምፅ በሁለት መስመር ማስቀመጥም ያው ልማድ ነው፤ ምንም ሳይጨምር መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል።

የቴፕ ዕዳ

ቴፕ የራሱ ዕዳ አለው፤ አለማንሣቱ ቅንነት አይሆንም። ካርትሪጁ ርካሽ ቢሆንም ማንበቢያው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የትውልድ ጉዳይ ነው፤ ዘጠነኛው ትውልድ ማንበቢያ የሚያነበው የራሱንና የስምንተኛውን ካርትሪጅ ብቻ ነው። ክሩ 30 ዓመት ቢቆይም፣ የሚያነበው መሣሪያ ከዚያ በፊት ከገበያ ይወጣል። ስለዚህ በየዐሥር ዓመቱ ገደማ ወደ አዲስ ትውልድ መገልበጥ የግድ ነው። ካሴቶቹን ያጋጠማቸውም ይኸው ነው፤ ዛሬ ጥሩ የካሴት ማጫወቻ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። የተኛ ነገር ሞቶ እንዳይገኝም በየዓመቱ ጥቂት ካርትሪጆችን እያወጡ፣ ሲጻፉ የተመዘገበውን የማረጋገጫ ቁጥር ከአሁኑ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

አንዳንዶች መፍትሔው ሁሉንም በውጭ ላሉ ትላልቅ ማኅደራት መስጠት ነው ይላሉ። በለንደን ተመሥርቶ በ2021 ወደ በርሊን የተዛወረው በመጥፋት ላይ ያሉ ቋንቋዎች ማኅደር፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ ከብዙ አገሮች የመጡ ቅጂዎችን በጥሩ ሁኔታ ይጠብቃል። አንድ ቅጂ እዚያ ቢኖር ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ብቸኛው ቅጂ እዚያ ሲሆን ግን፣ የሐርጌሳ ተማሪ የአያቱን ቋንቋ ለመስማት የሚከፍለው የኢንተርኔት ክፍያ በመብራቱ ክፍያ ምትክ ይመጣል፤ ኤሌክትሪኩም አልቀረም፤ የሚነድበት አገር ተለወጠ እንጂ።

ይልቁንስ ቅርብ ያለውን ማሰብ ይሻላል። ሶማሊኛ የኢትዮጵያም ቋንቋ ነው፤ በ2007 ሥራ የጀመረው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከሐርጌሳ በመንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ያህል ይርቃል። የቴፕ ማንበቢያ በዓመት የሚሠራው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ተቋም የየራሱን መግዛት የለበትም። አንድ ማንበቢያ በጋራ ተገዝቶ፣ የሐርጌሳው ሁለተኛ ቅጂ በጅግጅጋ፣ የጅግጅጋው ደግሞ በሐርጌሳ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ፣ 18 ቴራባይት በእጅ ቦርሳ ተይዞ በአውቶቡስ ይሻገራል፤ በአካባቢው የኢንተርኔት ፍጥነት ያን መላክ ወራት ይፈጃል። የክሮቹ ከፊል በ1988 የተሻገሩትም በዚሁ አቅጣጫ ነበር።

ለዚህ የሚያስፈልገው ስምምነት ከቴክኒኩ ይልቅ ይከብዳል፤ የባለቤትነት፣ የገጣሚ ቤተሰቦች ፈቃድ፣ የድንበርና የጉምሩክ ጥያቄዎች አሉበት። ከሁሉ የሚቀድመው ግን የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ነው፤ አምስት ዓመት በሚፈጅ የመገልበጥ ሥራ ውስጥ የትኛው ካሴት በመጀመሪያው ወር ይገባል? ክሩ እየተላጠ ያለው፣ ሌላ ቅጂ እንደሌለው የታወቀው፣ ወይስ ከ1972 በፊት የተቀዳው? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሌላ ቅጂ የሌለው ይቅደም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ የካሴቶቹን ሽፋን አንድ በአንድ አንብቦ ዝርዝር ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ሥራ ደብተርና እርሳስ አሁንም ይበቃል።